ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሚንት፦ ፋይል ሳይጠፋ፣ ላፕቶፕ ሳይበላሽ መሻገሪያ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነም ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለውን በአብዛኛው አይቀበልም። ስለዚህ ምንም ያልሆነ ላፕቶፕ የያዘ ብዙ ሰው በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነውን ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ እየሞከረ ነው፤ ብዙውም መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። የሚቀረው በአብዛኛው ከጭነቱ በፊት ባለው ስራ ነው። ባክአፕ ሳይዝ ይጀምራል፣ ወርዶ ያላለቀ ፋይል ፍላሽ ላይ ይጽፋል፣ ወይም ሳይሞክር ዲስኩን ያጠፋል። ከዚያ «ሊኑክስ አይሰራም» ይላል።

እዚህ የምናየው ሊኑክስ ሚንት 22ን ነው። መልኩ ከዊንዶውስ ብዙም አይርቅም፣ ዝማኔው ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ይቀጥላል። ሌላ ዓይነት ሊኑክስ ካልጫናችሁ ብሎ የሚሟገት ጓደኛ ካላችሁ፣ ችግር ሲመጣ የምትደውሉት ለእሱ መሆኑን ከወዲሁ ተስማሙ።

ሙሉውን አንዴ አንብቡት። ከዚያ ነው መጀመር።

ቆይ፣ መሻገር የሌለባችሁ ሰዎች አላችሁ

ወረቀት አውጡና ባለፈው ወር የከፈታችሁትን ፕሮግራም በሙሉ ጻፉ። ብሮውዘር፣ ቴሌግራም፣ ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ፊልም ማጫወቻ ብቻ ከሆነ ቀጥሉ። ግን ዝርዝሩ ውስጥ ፒችትሪ፣ አውቶካድ፣ ኢታብስ፣ ፎቶሾፕ ወይም ፕሪሚየር ካለ ቁሙ። እነዚህ ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሰሩም። «ዋይን በሚባል ነገር ይሰራል» የሚላችሁ ይኖራል (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ለማስኬድ የሚሞክር መሳሪያ ነው)፤ አንዳንዱ ፕሮግራም እውነትም ይሰራል፣ ነገር ግን የወር መጨረሻ ሂሳብ የምትዘጉበትን ኮምፒውተር በ«ምናልባት» አትያዙት።

እንደዚህ ዓይነት ስራ ያላችሁ ሰዎች ያላችሁ ምርጫ ሁለቱንም ጎን ለጎን መጫን ነው። ደረጃ 6 ላይ አለ። ማክሮ የበዛበት ኤክሴል ያለው ሰውም እንደዚሁ። የቢሮ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ አይቲውን ሳታስፈቅዱ አትንኩት።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይፍጅ።

1. ኮምፒውተሩን እዩ። ሚንት 22 ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ራም ቢያንስ 2 ጊጋ፣ እንዲመች 4 ጊጋ። ዲስክ ቢያንስ 20 ጊጋ፣ እንዲመች 100 ጊጋ። 2 ጊጋ ራም ይዛችሁ ብሮውዘር ላይ አስር ታብ ልትከፍቱ ከሆነ ግን ሊኑክስም ተአምር አይሰራም። የድሮው የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ላይ ከሆናችሁም ገንዘቡ ካለ መጀመሪያ ኤስኤስዲ አስገቡ፤ ፍጥነቱ ላይ ከማንኛውም ሲስተም ቅያሬ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው።

2. ባክአፕ አድርጉ። እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፋይሉን ከሲ ወደ ዲ ማዞር ባክአፕ አይደለም። ሲ እና ዲ በአብዛኛው የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፣ ዲስኩ ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ወደ ውጭ ሀርድ ዲስክ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ገልብጡ። ዶክመንትስን ብቻ አይደለም፤ ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድስ፣ የቴሌግራም ማውረጃ ፎልደር፣ የብሮውዘር ቡክማርክና ፓስወርዶች፣ አውትሉክ የምትጠቀሙ ከሆነ የኢሜይል ፋይሉ። የድሮ የአማርኛ ፎንቶች ካሏችሁ እነሱንም፤ ምክንያቱን ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ያንን ዲስክ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሁለት ሦስት ፋይል ክፈቱ። ያልተከፈተ ባክአፕ አለ ብላችሁ አትመኑ።

3. ቢትሎከርን፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆልፈውን የዊንዶውስ ኢንክሪፕሽን፣ አረጋግጡ። ዊንዶውስ ውስጥ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ወይም «ቢትሎከር» ብላችሁ ፈልጉ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ በርቶ ነው የሚገኘው። በርቶ ካለ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ አንድ ነገር እንደነካችሁ ዊንዶውስ ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁጥሩ በአብዛኛው የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይቀመጣል። አሁኑኑ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። እዚያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ አታስቀምጡት እንግዲህ። ዊንዶውስን ጎን ለጎን ማቆየት የምትፈልጉ ከሆነ ኢንክሪፕሽኑን አጥፉትና እስኪጨርስ ጠብቁ።

4. ፋስት ስታርትአፕን አጥፉ። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ «ቹዝ ኋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» ውስጥ ነው ያለው። በርቶ ከቀረ ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግማሽ እንቅልፍ ነው። ሊኑክስ በዚያ ሁኔታ ያለን ዲስክ ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ አይከፍተውም።

5. የመመለሻ ፍላሽ አዘጋጁ። ማይክሮሶፍት በነጻ በሚሰጠው «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የዊንዶውስ ፍላሽ አሁን ስሩ። ይህ መሳሪያ ሊኑክስ ላይ አይሰራም፣ ስለዚህ «በኋላ እሰራዋለሁ» የሚባል ነገር የለም።

6. መብራት። ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት የሚያስቸግርበት ቀን ላይ አትጀምሩ። ዲስክ በሚከፋፈልበት ሰዓት መብራት ከሄደ ሁለቱንም ሲስተም ልታጡ ትችላላችሁ።

ደረጃ 2፦ ማውረድ

ከሊኑክስ ሚንት ዋና ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ሦስት ዓይነት ታያላችሁ፦ ሲናመን፣ ማቴ፣ ኤክስኤፍሲኢ። 4 ጊጋ ራምና ከዚያ በላይ ካላችሁ ሲናመን፣ ከዚያ በታች ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ። ማቴን ለጊዜው እለፉት።

ፋይሉ 3 ጊጋ አካባቢ ነው። በሞባይል ዳታ ከሆነ በሌሊት ጥቅል አድርጉት፣ ወይም ዋይፋይ ያለው ሰው ጋ ሂዱ። ገጹ ላይ የቶረንት አማራጭም አለ፤ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰው ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ እያንዳንዱን ቁራጭም ራሱ እያረጋገጠ ነው የሚያወርደው።

በብሮውዘር ካወረዳችሁ ግን ማረጋገጡ የእናንተ ስራ ነው። ሰቨን ዚፕ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫኑ፣ የወረደው ፋይል ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ፣ «ሲአርሲ ሻ» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ «ሻ 256» የሚለውን ምረጡ። የሚወጣውን ረጅም ኮድ ሚንት ገጹ ላይ ካስቀመጠው ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ አጥፉትና ድጋሚ አውርዱ። አዎ፣ 3 ጊጋ ያማል። የተበላሸ ፋይል ጭናችሁ መሀል ላይ ዲስካችሁ ጠፍቶ ስትቆሙ ግን የበለጠ ያማል።

ደረጃ 3፦ ፍላሹን መስራት

ከዊንዶውሱ ፍላሽ ሌላ፣ 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ያዙ። ውስጡ ያለው በሙሉ ይጠፋል።

1. ሩፈስ የሚባለውን ፕሮግራም ከራሱ ገጽ አውርዳችሁ ክፈቱ።
2. ላይኛው መስመር ላይ ፍላሻችሁ መመረጡን እዩ። ባክአፕ ያደረጋችሁበት ሀርድ ዲስክ አሁንም ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉት። በስህተት እሱን ፎርማት አድርጎ ያለቀሰ ሰው ጥቂት አይደለም።
3. የወረደውን ፋይል ምረጡ።
4. «ፓርቲሽን ስኪም» የሚለው ላይ፣ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ በኋላ ያለው ተጭኖበት የመጣ ከሆነ «ጂፒቲ»፣ ከዚያ የቆየ ከሆነ «ኤምቢአር» አድርጉ።
5. «ስታርት» በሉ። «አይኤስኦ ሞድ» ወይስ «ዲዲ ሞድ» ብሎ ከጠየቀ የመጀመሪያውን ተቀበሉ።

መሀል ላይ ስህተት እያወጣ ካስቸገረ ፍላሹን ጠርጥሩ። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ 4 ጊጋ የሆነ ፍላሽ ገበያው ላይ ሞልቷል። ሩፈስ ውስጥ መጥፎ ቦታ የሚፈትሽ አማራጭ አለ፤ አብርታችሁ አንዴ አስፈትሹት፣ አስመሳይ ከሆነ ይነግራችኋል።

ደረጃ 4፦ ከፍላሹ ማስነሳት

ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን ዝጉ። ስታበሩት የዊንዶውስ ምልክት ከመምጣቱ በፊት የቡት ሜኑ ቁልፉን ደጋግማችሁ ንኩ። ዴል፣ ሌኖቮ እና ቶሺባ ላይ ኤፍ 12 ነው። ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ፣ ቀጥሎ ኤፍ 9። አሱስ ላይ ኢስኬፕ። ኤሰር ላይ ኤፍ 12 ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በኤፍ 2 ባዮስ ገብታችሁ «ኤፍ 12 ቡት ሜኑ» የሚለውን ማብራት ይኖርባችኋል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ አብሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ቁልፉን መያዝ ካልቻላችሁ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትን ይዛችሁ «ሪስታርት» በሉ። ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ «ዩዝ ኤ ዲቫይስ» ግቡና ፍላሹን ምረጡ።

የሚያጋጥሙ ነገሮች፦

ፍላሹ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክሩ። አሁንም ከሌለ ደረጃ 3ን ድገሙ፣ ጂፒቲ የነበረውን ኤምቢአር አድርጋችሁ።

«ቬሪፊኬሽን ፌይልድ» ወይም ስለ ሴኪዩሪቲ የሚያወራ ቀይ ሳጥን ከመጣ ባዮስ ገብታችሁ «ሴኪዩር ቡት» የሚለውን አጥፉ። ቢትሎከር ያለው ሰው ይህን ከመንካቱ በፊት ወረቀቱን ይያዝ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ አጥፍታችሁ እንደገና አስነሱና ከሚመጣው ዝርዝር «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ምረጡ። በተለይ የኤንቪዲያ ካርድ ያላቸው ላይ ይህ ይደጋገማል።

ደረጃ 5፦ ሳትጭኑ ሞክሩት

ዴስክቶፑ መጣ። አሁን ያላችሁት ፍላሹ ላይ ነው፣ ዲስካችሁ አልተነካም። ከዚህ ላይ «ኢንስቶል» የሚለውን ምልክት ለመንካት የሚያሳክካችሁን ጣት ያዙት። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተቀመጡበት። ከፍላሽ ስለሚሰራ ትንሽ ይዘገያል፤ በዚያ አትፍረዱት። ስክሪኑ ተቆልፎ ስም ከጠየቃችሁ «ሚንት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ ፓስወርዱ ባዶ ነው።

ዋይፋይ ይይዛል? ድምጽ አለ? የጆሮ ማዳመጫ ስትሰኩ ይቀየራል? የስክሪኑ ብርሃን ይጨምራል ይቀንሳል? ታችፓዱ፣ ካሜራው፣ ብሉቱዙስ? ላፕቶፑን ከድናችሁ ስትከፍቱት ይነሳል? ፕሪንተራችሁን ሰክታችሁ አንድ ገጽ አትሙ። ኤችፒ ሌዘርጄቶች በአብዛኛው ይሰራሉ፤ እንደ ፒ 1102 ያሉት ግን ተጨማሪ ፕለግኢን ማውረድ ይፈልጋሉ። ካኖን ኤልቢፒ 2900 የመሰለ የቆየ ፕሪንተር ካላችሁ በጣም ታግላችሁ ነው የምታሰሩት፤ ኑሯችሁ በፎቶኮፒና በጽህፈት ከሆነ ይህ ብቻውን ውሳኔውን ሊቀይረው ይገባል።

ዋይፋይ ካልያዘ አትደንግጡ። አንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰኩና «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» አብሩ። ምንም ሳትጭኑ ኢንተርኔት ይመጣል። ከዚያ ሜኑ ውስጥ «ድራይቨር ማናጀር» የሚለውን ክፈቱ። የብሮድኮም ዋይፋይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩን (ዕቃውን የሚያሰራውን ሶፍትዌር) እዚያው ያገኝላችኋል። ምንም ካላገኘ፣ እዚህ ያልሰራ ነገር ከተጫነ በኋላም በራሱ እንደማይሰራ ቁጠሩት። ያለ ዋይፋይ መስራት የማትችሉ ከሆነ ወይ ትንሿን የዩኤስቢ ዋይፋይ ግዙ፣ ወይ ፍላሹን ንቀሉና ወደ ዊንዶውሳችሁ ተመለሱ። ምንም አልጠፋባችሁም።

ደረጃ 6፦ መጫን

መንገዱ ሁለት ነው። ዊንዶውስን ጨርሶ ማጥፋት፣ ወይም ጎን ለጎን ማኖር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነና ዲስካችሁ ቦታ ካለው ጎን ለጎን አድርጉት። ከጥቂት ወር በኋላ ዊንዶውሱን ጭራሽ ካልከፈታችሁት ያኔ ታጠፉታላችሁ።

*ጎን ለጎን ለምታደርጉ፦* ቦታውን ዊንዶውስ ራሱ ይልቀቅ። ወደ ዊንዶውስ ተመለሱ፣ «ዲስክ ማኔጅመንት» ክፈቱ፣ ሲ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ሽሪንክ ቮሊውም» በሉ። ቢያንስ 50 ጊጋ ልቀቁ። ባዶ የሆነውን ቦታ እንደ ባዶ ተዉት፣ ፎርማት አታድርጉት። «የሚለቀቀው 2 ጊጋ ብቻ ነው» ካላችሁ የማይንቀሳቀስ ፋይል መሀል ላይ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ፔጅ ፋይሉን (ዊንዶውስ ራም ሲያንሰው ዲስክ ላይ የሚጠቀምበትን ፋይል) ለጊዜው አጥፍታችሁ ሪስታርት አድርጉና ድጋሚ ሞክሩ።

አሁን ከፍላሹ ተነስታችሁ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን «ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት» ክፈቱ።

1. ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ። ስህተት ሲመጣ መልሱን የምታገኙት በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ መጻፊያው በኋላ ይመጣል።
2. ኪቦርድ፦ እንዳለ ተዉት።
3. «መልቲሚዲያ ኮዴክስ» (ቪዲዮና ሙዚቃ ለማጫወት የሚረዱ)፦ ጥሩ ዋይፋይ ካላችሁ ምልክት አድርጉ። በስልክ ዳታ ከሆናችሁ ዝለሉት፣ በኋላም ይጫናል።
4. የጭነት ዓይነት። ይህ ገጽ ላይ እጃችሁን ከማውዙ አንሱና አንብቡ። «ኢንስቶል አሎንግሳይድ» የሚለው ጎን ለጎን ነው። «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው ሲንም፣ ዲንም፣ ሁሉንም ያጠፋል። «ሰምቲንግ ኤልስ» በእጅ መከፋፈል ለሚያውቅ ሰው ነው፣ እናንተ አይደላችሁም።
5. ቀጥሎ ምን ሊያጠፋ ወይም ሊቀይር እንደሆነ ዘርዝሮ ያሳያችኋል። ከ«ኮንቲኒው» በኋላ መመለሻ የለም። የሚያሳየው የዲስክ መጠን የእናንተው ዲስክ መሆኑን እዩ።
6. ሰዓት፦ አዲስ አበባን፣ ወይም ያላችሁበትን ከተማ ምረጡ።
7. ስምና ፓስወርድ። ይህ ፓስወርድ ፕሮግራም ስትጭኑ ሁሉ ይጠየቃል። ከረሳችሁት መልሶ ማስገባቱ ለጀማሪ አድካሚ ነው፣ ጻፉት።

*«አሎንግሳይድ» የሚለው ጭራሽ ካልመጣ፦* ወይ ዊንዶውስ በትክክል አልተዘጋም፣ ወይ ቢትሎከር አሁንም አለ። ደረጃ 1 ላይ ቁጥር 3 እና 4ን እዩ። አማራጭ የለም ብላችሁ «ኢሬዝ ዲስክ»ን እንዳትነኩ።

*ዲስኩ ራሱ ካልታየ፦* ባዮስ ውስጥ የዲስኩ አሰራር «ሬይድ» ወይም «አርኤስቲ» ተብሎ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ወደ «ኤኤችሲአይ» መቀየር አለበት። ዊንዶውስን የምታቆዩ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ አትቀይሩት፣ ዊንዶውሱ አይነሳም። መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ «ኤምኤስ ኮንፊግ» ክፈቱ፣ «ቡት» ውስጥ «ሴፍ ቡት» ላይ ምልክት አድርጋችሁ ሪስታርት በሉ፣ ሲነሳ ባዮስ ገብታችሁ ቀይሩ፣ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ እንዲከፈት ተዉት፣ ከዚያ ምልክቱን አንሱና እንደገና ሪስታርት አድርጉ። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ።

*ፋይል እያወረደ ከቆመ፦* የቋንቋ ፋይል ለማውረድ እየሞከረ ነው። «ስኪፕ» የሚል ካለ ንኩት፣ ከሌለ ኢንተርኔቱን ንቀሉ፣ ይቀጥላል። በኃይል አታጥፉት።

ደረጃ 7፦ መጀመሪያ ሲነሳ

«ፍላሹን አውጡ» ሲላችሁ አውጥታችሁ ኢንተር ንኩ። ጎን ለጎን ከሆነ የምርጫ ዝርዝር ይመጣል።

ዝርዝሩ ሳይመጣ ቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ከገባ ሚንት አልተጫነም ማለት አይደለም። ባዮስ ገብታችሁ የቡት ቅደም ተከተሉ ላይ «ኡቡንቱ» የሚለውን ወደ ላይ አውጡት። ሚንት የተሰራው በኡቡንቱ ላይ ስለሆነ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሚታየው በዚያ ስም ነው፤ «ሚንት» የሚል ፈልጎ አጥቶ እንደገና የሚጭን ሰው አለ። እሱም ካልሰራ ከፍላሹ ተነሱና ሜኑ ውስጥ ያለውን «ቡት ሪፔር» ክፈቱ፣ የሚመክረውን ተቀበሉ።

ከገባችሁ በኋላ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. ታይምሺፍት። ሲስተሙን ፎቶ አንስቶ የሚያስቀምጥ ነው። ምንም ሳትነኩ አንድ ቅጂ አንሱ። ዲስካችሁ ትንሽ ከሆነ ከሁለት ቅጂ በላይ እንዳያስቀምጥ አድርጉ፣ አለበለዚያ ይሞላል። የእናንተን ፎቶና ዶክመንት አይዝም፣ ስለዚህ የባክአፕ ምትክ አይደለም።
2. «ሶፍትዌር ሶርስስ» ውስጥ ገብታችሁ ሚረሩን፣ ማለትም ፋይሎቹ የሚወርዱበትን ሰርቨር፣ ቀይሩ። የሰርቨሮቹን ፍጥነት እየለካ ያሳያችኋል፣ ፈጣኑን ምረጡ።
3. አፕዴት ማናጀር። የመጀመሪያው ዝማኔ ብዙ መቶ ሜጋ ሊሆን ይችላል። በስልክ ዳታ ላይ ከሆናችሁ መጠኑን አይታችሁ ነው «ኢንስቶል» የምትሉት።
4. ድራይቨር ማናጀር። ካርዱ የሚፈልገውን «ሪኮሜንድድ» የሚለውን ብቻ።

ዊንዶውስ ስትከፍቱ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ተዛብቶ ካገኛችሁት ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ የእኛ ልዩነት ሦስት ሰዓት ነው። ዊንዶውስ ውስጥ የሰዓት ማስተካከያ ገብታችሁ «ሲንክ ናው» በሉ።

ደረጃ 8፦ አማርኛ

አማርኛ ማንበብ ብዙ ጊዜ ምንም አይጠይቅም። ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከታየ «ሶፍትዌር ማናጀር» ውስጥ «አቢሲኒካ» ወይም «ኖቶ» የሚባሉትን ፎንቶች በእንግሊዝኛ ፈልጋችሁ ጫኑ።

ለመጻፍ፦

1. ሶፍትዌር ማናጀር ውስጥ «አይባስ ኤም 17 ኤን» የሚባለውን ጫኑ።
2. ሜኑ ውስጥ «ኢንፑት ሜተድ» ክፈቱ፣ «አይባስ»ን ምረጡ።
3. ሎግ አውት ብላችሁ ተመልሳችሁ ግቡ። ይህን ዘለው «አልሰራም» የሚሉ ብዙ ናቸው።
4. «አይባስ ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «አማሪክ» ብላችሁ «ሴራ» የሚለውን ጨምሩ።
5. ለመቀያየር የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስ ንኩ።

አጻጻፉ በድምጽ ነው። ኤስ እና ኢ «ሰ»፣ ኤል እና ኤ «ላ»፣ ኤም ብቻዋን «ም»። ፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ ጥቂት ፊደል ላይ ይሰናከላል፣ ከዚያ ይለምደዋል። ዊንዶውስ ላይ ኪማን ትጠቀሙ የነበራችሁ ደግሞ ኪማን ለሊኑክስም አለ፣ የለመዳችሁትን ኪቦርድ እዚያው ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ድሮ ፎንቶች። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በቆየው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ስትከፍቱ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ከሆነባችሁ ፋይሉ አልተበላሸም። እነዚያ ፎንቶች ዩኒኮድ (ለሁሉም ኮምፒውተር የጋራ የሆነው የፊደል አቀማመጥ) አይደሉም፤ ፎንቱ ከሌለ አማርኛው የለም። ባክአፕ ያደረጋችሁትን ፎንት ሁለቴ ነክታችሁ «ኢንስቶል» በሉ፣ ሊብሬኦፊስን ዘግታችሁ ክፈቱ። የምትፈልጓቸውን ሰነዶች ቀስ በቀስ ወደ ዩኒኮድ ብትቀይሩ ይሻላል፣ በሚቀጥለው ኮምፒውተር ላይም ያው ጣጣ ነው የሚጠብቃችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከኢንተርኔት «ኢኤክስኢ» ፋይል እያወረዳችሁ ሁለቴ መንካት አቁሙ። ፕሮግራም የሚጫነው ከሶፍትዌር ማናጀር ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም በሁለት መልክ ይመጣል፦ «ሲስተም ፓኬጅ» እና «ፍላትፓክ»። ፍላትፓኩ አዲስ ነው ግን ማውረጃው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ዳታ የምትቆጥቡ ከሆነ ሲስተም ፓኬጁን ውሰዱ።

ሊብሬኦፊስ ላይ ለሌላ ሰው የምትልኩትን ፋይል «ሴቭ አዝ» ብላችሁ በዎርድ ዓይነት አስቀምጡ። በእሱም ቢሆን ናያላ ወይም ኢብሪማ ፎንት ስለሌለ መስመሩ ሊዘበራረቅ፣ አንድ ገጽ የነበረው ሁለት ሊሆን ይችላል። ማስተካከል የማያስፈልገው ሰነድ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ፣ ጭቅጭቁ ያልቃል።

አንድ ጥሩ ነገር፦ በሾርትከት ቫይረስ ፋይሎቹ የተደበቁበት ፍላሽ ሚንት ላይ ሲሰካ እውነተኛዎቹ ፎልደሮች በግልጽ ይታያሉ። ሰፈር ውስጥ የፍላሽ ሐኪም ትሆናላችሁ፣ ተዘጋጁ።

ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን ትዕዛዝ ሳይገባችሁ ተርሚናል ላይ አትለጥፉ። በተለይ ፓስወርድ የሚጠይቅ ከሆነ።

ካልተመቻችሁና መመለስ ከፈለጋችሁ

ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ ያጠፋችሁ፣ ደረጃ 1 ላይ የሰራችሁትን የዊንዶውስ ፍላሽ ሰክታችሁ መጫን ነው። ላፕቶፑ ከዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ በኋላ ካለው ጋር ተገዝቶ ከሆነ ፈቃዱ ማዘርቦርዱ ውስጥ ስላለ ኢንተርኔት ሲያገኝ በአብዛኛው ራሱ ይከፈታል። በክራክ የተከፈተ ከነበረ ግን ያው ክራክ ነው የሚጠብቃችሁ።

ጎን ለጎን ያደረጋችሁ፣ የሊኑክሱን ክፍል ዘላችሁ አታጥፉ። መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን ወደ ላይ አውጡ፣ ዊንዶውስ በቀጥታ መነሳቱን እዩ፣ ከዚያ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ የሊኑክሱን ክፍል አጥፍታችሁ ሲን «ኤክስቴንድ» አድርጉ። ሳታነቡ ቀድማችሁ አጥፍታችሁ «ግራብ ሬስኪዩ» የሚል ጥቁር ገጽ ከመጣ፣ አዲስ ላፕቶፕ ላይ እዚያው ባዮስ ገብቶ ዊንዶውስን ማስቀደም ይበቃል። በኤምቢአር የሚሰራ የቆየ ማሽን ከሆነ ግን የዊንዶውሱን ፍላሽ ሰኩና «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር» በሚለው ግቡ፤ ፋይላችሁ እዚያው ነው ያለው፣ መጠገን ያለበት የማስነሻው ክፍል ብቻ ነው።